ጡት ማጥባት ለእናትየውም ከጡት ካንሰር ይከላከላል የሚባለውን ማን ነገራችሁ?

አዲስ_እናት፦
ሰላም እህቶች እንዴት ናችሁ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። የመጀመሪያ ልጄ 8 ወሯ ነው፣ የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ስራ ከገባሁ 5 ወር ሊሆነኝ ነው፣ ጠዋት አጥብቻት እወጣለሁ ማታ ስመለስ ደግሞ እስኪነጋ ከጡቴ አትላቀቅም፣ በቃ ደክሞኛል። ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰአት ላይ ለስራ ባልደረባዬ አመት ሳይሞላት ላስጥላት ነው እያልኩ ሳማርር "ኧረ ባክሽ ትንሽ ቻይው፣ ለሷ ብቻ መሰለሽ እንዴ፣ አንቺንም እኮ ከጡት ካንሰር ይጠብቅሻል" አለችኝ። እውነቴን ነው እንዳላስጥላት ልታባብለኝ የፈጠረችው ነው የመሰለኝ።

ምክንያቱም እኔ ክትትል አንድ ቀን ያላቋረጥኩ ሴት ነኝ። ስወልድም፣ የ45 ቀን ክትባት ላይም፣ ከዛ በኋላ ባሉት ሁሉ ስለ ማጥባት ሳይነገረኝ ቀርቶ አያውቅም። እንገሩን እንዳትደፊው፣ እስከ 6 ወር ጠብታ ውሃ እንዳትሰጪያት፣ ከተቅማጥ ይጠብቃታል፣ ከሳንባ ምች ይጠብቃታል፣ አእምሮዋ ይዳብራል... ሁሉም ስለሷ ነው። ስለኔ የተባለ ነገር ቢኖር "በደንብ ብዪ፣ አጥሚትም ጠጪ" ነው፣ እሱም ለኔ ታስቦ ሳይሆን ወተት እንዲኖረኝ ነው ሃሃሃ።

ቤት ገብቼ ለአማቴ ስነግራቸው ጭራሽ ሌላ ነገር አመጡ። "ካንሰር የሚያመጣው ጡት ውስጥ ከርሞ የሚበላሸው ወተት ነው፣ አንቺ ቢሮ ጡትሽ አግቶ እየዋልሽ ምኑን ዳንሽው" አሉኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ከሰአት በኋላ ጡቴ ወጠር ባለ ቁጥር ልቤ ይመታል።

ደሞ አክስቴ (የእናቴ እህት) 6 ልጅ ወልዳ ሁሉንም ሁለት ሁለት አመት አጥብታ ነው በዚሁ በጡት ካንሰር ያረፈችው። ነገሩ እውነት ከሆነ እሷን ለምን አላዳናትም?

በናታችሁ ይህን የምታውቁ አላችሁ? ከማን ሰማችሁት? ምን ያህልስ ነው የሚቀንሰው? የተበላሸ ወተት የሚባለውስ እውነት ነው?

ቲጂ_የሶስት_እናት፦
እኔ ገና ካንቺ መስማቴ ነው። ሶስት ልጅ አጥብቻለሁ፣ የመጀመሪያውን ጤና ጣቢያ ሁለቱን ግል ሆስፒታል ነው የወለድኩት፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔ የማውቀው ማጥባት ውፍረት ይቀንሳል ሲባል ነው፣ እሱም አልቀነሰልኝም።

አዋላጇ፦
አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ 11 አመት ሰርቻለሁ። መጀመሪያ ጥፋታችንን ልመን፣ ባልደረባሽ ያለችሽ እውነት ነው፣ እኛም ተምረነዋል ግን አንናገረውም። ጠዋት በሩ ላይ የሚጠብቀውን ሰልፍ ብታዪ ትፈርጂልን ነበር፣ አንዷ ጋ ያለችንን ደቂቃ ለልጁ እናውላታለን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፖስተርም የህጻኑን ጥቅም ነው የሚዘረዝረው። እናትየዋ በመሃል ትረሳለች።

እንዴት ይከላከላል ላልሽው፣ ወተት የሚሰሩት የጡት ሴሎች ሙሉ ለሙሉ የሚበስሉት በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ነው፣ የበሰለ ሴል ደግሞ ወደ ካንሰር የመለወጥ እድሉ ያንሳል። ከዛ ስታጠቢ የወር አበባሽ ይዘገይ የለ? በነዛ ወራት እንቁላል ስለማይወጣ ጡትሽ እንደወትሮው ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን አይደርሰውም። በመጨረሻ ልጅ ጡት ሲጥል ደግሞ ስራ የጨረሱ ብዙ ሴሎች ይወገዳሉ፣ የተጎዳ ነገር ካለም አብሮ ይሄዳል ተብሎ ነው የሚታሰበው። በነገራችን ላይ የኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ካንሰርንም ይቀንሳል፣ እሱን ደግሞ ከነጭራሹ የሚያነሳው የለም።

የተበላሸ ወተት የሚባለው ግን የለም። ጡት ጠርሙስ አይደለም እኮ፣ ያልወጣውን ወተት ሰውነትሽ መልሶ ይመጠዋል። ግን አማትሽ ከነአካቴው ተሳስተዋል አልልም፣ ወተት አግቶ ሲቆይ ጡቱ ሊቀላ ሊያተኩስ ትኩሳትም ሊያመጣ ይችላል። እሱ ካንሰር ሳይሆን ኢንፌክሽን ነው፣ ይታከማል። ስለዚህ ቢሮ ስትውዪ መሃል ላይ አንዴ ሁለቴ አለቢው።

ስለ አክስትሽ ነፍስ ይማር። ይቀንሳል ማለት ጨርሶ ያስቀራል ማለት አይደለም፣ እድሜ አለ ዘር አለ ሌላም ብዙ ነገር አለ። የእናትሽ እህት ከሆነች በእናትሽ ወገን ሌላ የታመመ ሰው እንዳለ ጠይቂና ለሀኪም ንገሪ፣ ከአንድ ሰው በላይ ካለ የጡት ምርመራ ክትትልሽን ቶሎ መጀመር ሊኖርብሽ ይችላል።

ሂሳብ_ነው፦
ወንድ ነኝ፣ መሃላችሁ ስለገባሁ ይቅርታ፣ ባለቤቴ እያጠባች ስለሆነ ነው ነገሩን ሳነብ የከረምኩት። ምን ያህል ለሚለው ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሄት ላይ የወጣው ነው። ከ30 አገር 47 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ወደ 50 ሺህ የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ወደ 97 ሺህ ከሚሆኑ ከሌለባቸው ጋር አነጻጸሩ። በየ12 ወሩ ማጥባት ሪስኩ (የመያዝ እድሉ) በ4.3 ፐርሰንት ይቀንሳል፣ ለእያንዳንዱ ወሊድ ደግሞ ለብቻው 7 ፐርሰንት። 12 ወሩ ከሁሉም ልጆች ተደምሮ ነው፣ ሁለት ልጅ ስድስት ስድስት ወር ያጠባች አንድ አመት ተቆጠረላት ማለት ነው።

ፐርሰንቱ ግን እንዳያሳስታችሁ፣ ከ100 ሴት 4ቱ ዳኑ ማለት አደለም። እዛው ጥናት ላይ በበለጸጉት አገሮች እስከ 70 አመታቸው ከ1000 ሴቶች 63ቱ ይያዛሉ ተብሎ ነው የተሰላው፣ እነዚህ ሁሉ አንድ አንድ አመት ጨምረው ቢያጠቡ ወደ 60 ገደማ ይወርዳል። ሶስት ሴት። ትንሽ ናት ትሉ ይሆናል፣ እኔም መጀመሪያ ይሄን ለማለት ነው እንዴ ይህን ሁሉ የደከሙት ብዬ ነበር። ከዛ ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ነው የደነገጥኩት፣ እነዚያው ሴቶች እንደኛ እናቶች ብዙ ወልደው ረጅም ጊዜ ቢያጠቡ ኖሮ 63ቱ ወደ 27 ይወርድ ነበር ይላል፣ ከቅናሹ ሁለት ሶስተኛ የሚጠጋው ደግሞ የማጥባት ነው። ማለት አንድ አመት ብቻውን ብዙ አይሰራም፣ ሲጠራቀም ነው።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አደለም። በ1700ዎቹ መጀመሪያ አንድ ጣልያናዊ ሀኪም ገዳም ባሉ፣ ማለት ባልወለዱና ባላጠቡ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር በዝቶ እንዳየ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ አንዲት እንግሊዛዊት ሀኪም 500 የታመሙና 500 ያልታመሙ ሴቶች ይዛ ስንት ወለዱ ስንት ጊዜ አጠቡ የሚለውን አስመዝግባለች። ይኸው መቶ አመት ገደማ ሆነው፣ ባለቤቴ ክትትል ላይ አልሰማችም።

ብርቱዋ_ነኝ፦
ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ በ34 አመቴ ሁለተኛ ልጄን እያጠባሁ ነው የያዘኝ። ቀኝ ጡቴ ላይ በብብቴ በኩል እንደ ሽምብራ የምታክል ነገር ዳሰስኩ፣ አታምም። ያየው ሁሉ ወተት ነው አለኝ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ፣ ጎረቤት በሞቀ ጨርቅ ተኩሺው አለችኝ፣ ክሊኒክ ስሄድ ወተት ቋጥሮ ነው ብለው አንቲባዮቲክ ሰጡኝ፣ ሳይለቀኝ ሲቀር ሌላ አንቲባዮቲክ ቀየሩልኝ። ልጄ በዛኛው ጡት አልጠባም ብሎ ፊቱን ሲያዞር እንኳ ግራውን ለምዶ ነው አልኩ። ጸበልም ተጠምቄያለሁ፣ እሱ አይጸጽተኝም፣ የሚጸጽተኝ በዛው ሳምንት ሆስፒታልም አለመሄዴ ነው። እንዲህ እንዲህ ስል 7 ወር አለፈ፣ ሽምብራዋ እንቁላል አከለች። ከዛ አልትራሳውንድ፣ ባዮፕሲ (ከእብጠቱ ቆንጥረው የሚመረምሩት)፣ ካንሰሩ ደረጃ 3 ደርሷል አሉኝ። ኬሞ ልጀምር ስለነበር ልጄን በአንድ ቀን ነው ሬት ቀብቼ ያስጣልኩት፣ እሱም ያለቅሳል እኔም አለቅሳለሁ። አሁን 4 አመት ሆነኝ፣ አንድ ጡት ነው ያለኝ፣ ደህና ነኝ ተመስገን።

ምን ልላችሁ ነው፣ እኔ ማጥባት ካንሰር ይከላከላል የሚለውን ሰምቼ ነበር። ሬዲዮ ላይ ነው የሰማሁት። እና አጠባለሁ እኮ ካንሰር ከየት ይመጣብኛል ብዬ ነው የተዘናጋሁት። ስለዚህ አዋላጇ እህቴ፣ ከነገ ጀምሮ ለእናቶች ልትነግሪ ከሆነ ግማሹን ብቻ እንዳትነግሪያቸው አደራ።

አዲስ_እናት፦
ብርቱዋ እንባዬ መጣ፣ እግዚአብሄር ይጨርስልሽ። እኔ እንዳንቺ ያለ ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ አዋላጇ ያለችውን ሳነብ አጠባሁ ማለት ለጊዜው ተረፍኩ መስሎኝ ነበር።

አዋላጇ፦
ብርቱዋ ያልሽው ልክ ነው፣ እቀበላለሁ። እንደውም ልጨምርበት፣ አንዲት ሴት ከወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አመታት የጡት ካንሰር ሪስኳ ላልወለደችው ከሚኖረው ትንሽ ከፍ ነው የሚለው፣ ጥቅሙ የሚታየው ቆይቶ እድሜ ሲገፋ ነው። ስለዚህ የምታጠባ ሴት አይነካትም የሚባል ነገር የለም።

የሚያጠባ ጡት ላይ እብጠት መቶ ጊዜ ወተት ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ነው። መለያው ጊዜ ነው። ወተት የቋጠረው ልጁ ሲጠባ ወይ ሲታለብ ይቀንሳል፣ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ካልጠፋ፣ ወይም አንቲባዮቲክ ጨርሰሽ እዛው ካለ፣ "ወተት ነው" ቢሉሽም አልትራሳውንድ ጠይቂ። አልትራሳውንድ ማጥባት አያስቆምም፣ ባዮፕሲም ቢሆን አያስጥልም፣ ሴቶች ይህን ፈርተው ይቀራሉ። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥ ካለ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ደም ያለው ፈሳሽ ከወጣ፣ ብብት ስር ጠጣር ነገር ከተዳሰሰ ግን ሁለት ሳምንትም አትጠብቂ። ስትዳብሺው ደግሞ ልጅሽ መጥባት ስትጨርስ ይሁን፣ የሞላ ጡት ሁሉ ነገሩ እብጠት ነው የሚመስለው።

እኛ አገር ብዙዎቹ የሚደርሱን ደረጃ 3 እና 4 ላይ፣ ማለት ከተስፋፋ በኋላ ነው። ረጅም ጊዜ የሚያጠባ ህዝብ ነን፣ በአማካይ ሁለት አመት ይጠጋል፣ ያም ሆኖ ከሴቶች ካንሰር ቀዳሚው ይሄው ነው።

ያልቻልኩት፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሆዴ ይባባል። መንታ ነው የወለድኩት፣ በኦፕሬሽን፣ ወተቴ አልመጣ ብሎ ያልጠጣሁት አጥሚት ያልሞከርኩት ነገር የለም፣ በመጨረሻ በቆርቆሮ ወተት ነው ያሳደግኳቸው። ታክሲ ውስጥ ጡጦ ሳወጣ የማላውቃት ሴትዮ "ምነው ጡትሽ ለፎቶ ነው" ብላኛለች። አሁን ደሞ ካንሰር ጨመራችሁበት። ያልቻለችው ትሙት ነው ወይስ ምንድነው ሀሳቡ?

ሂሳብ_ነው፦
እህቴ ቁጥሩን እኮ እኔው ነኝ ያመጣሁት፣ ለአንድ አመት ከ1000 ሶስት ሴት ነው ልዩነቱ። መንታ ወልደሽ ባታጠቢ ያንቺ እጣ ይህን ያህል አይለወጥም።

አዋላጇ፦
እኔም የምለው እሱን ነው፣ ያላጠባች ትታመማለች የሚል የለም። መንታ፣ ኦፕሬሽን፣ ዘግይቶ የመጣ ወተት፣ ይህን ቀን በቀን የማየው ነው፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ማጥባት ባይሆንልሽ ሌላው በእጅሽ ያለው መች ጠፋ፣ ክብደትሽን በተለይ ካረጥሽ በኋላ መጠበቅ፣ በእግር መሄድ፣ መጠጥ መቀነስ (ቢራውም አረቄውም ያው ነው፣ አልኮል የጡት ካንሰር ሪስክ ይጨምራል፣ ይሄም የማይነገር ነው)። ሴትዮዋን ግን እኔ ብሆን ከታክሲ አስወርዳት ነበር።

ከሪያድ፦
እኔ ልጄን በ7 ወሯ ለእናቴ ትቼ ነው የወጣሁት። ጡቴን በነጠላ አስሬ አይሮፕላን ውስጥ ወተቱ ልብሴን አርሶት ሪያድ ገባሁ። እዛ ቤት ገብቼ ሶስት ቀን ትኩሳት ይዞኝ ለማዳም ምን እንደሆነ መንገር አልቻልኩም ቋንቋውም የለኝ። ስለ ካንሰሩ አልሰማሁም ነበር። ይነገረን ብትሉም የሚያጠባው ሰው ቤቱ ሲኖር ነው።

ቲጂ_የሶስት_እናት፦
ከሪያድ የኔ እህት አይዞሽ። እዚህ ያለነውስ ብትዪ፣ አዋጁ ከወሊድ በፊት 30 ቀን ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው የሚሰጠው፣ ጤና ጣቢያ ደግሞ 6 ወር ጡት ብቻ ይላል፣ በመሃል ያሉትን 3 ወራት ማን ያጥባልን? እኔ ለሁለተኛው ልጄ የቅድመ ወሊዱን አልወስድም ብዬ ምጡ እስኪመጣ ስሰራ ነበር፣ ቀኑን ለኋላ ላቆይ ብዬ፣ በኋላ ግን አይደመርም ተባልኩ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ ስወልድ የሰጡኝ ወረቀት ላይ የእናት ጥቅም ተብሎ ለብቻው ተጽፎ ነበር፣ የጡት ካንሰር፣ የኦቫሪ ካንሰር፣ ስኳር። አንብቤ ኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ያኔ እንቅልፍ እንጂ ካንሰር ማን አስታወሰ። ነርሷ በተለይ ጥቁር ሴቶች ላይ የሚበዛ ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚሉት ከባድ አይነት እንዳለ፣ ማጥባት እሱንም እንደሚቀንስ ነገረችኝ።

ወረቀቱ ጥሩ ነው ግን ሆቴል ነው የምሰራው፣ የሚታለብበት ቦታ ሲባል መጸዳጃ ቤት አሳዩኝ። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ህጉ መጸዳጃ ቤት ያልሆነ የተከለለ ቦታና ሰአት እስከ አንድ አመት ስጡ ይላል፣ ህጉን አውጥቼ ለሱፐርቫይዘሬ ሳሳየው ነው የዕቃ ክፍል ውስጥ ወንበር ያስገባልኝ። ፎጣ መሃል ተቀምጬ 11 ወር አለብኩ። አበሾቹ ጓደኞቼ ግን አብዛኞቹ ህጉንም ወረቀቱንም አያውቁትም፣ ስራ እንዳያጡ ብለው ዝም ብለው ጡት ያስጥላሉ።

ጤና_ኤክስ_ደጀን፦
እኔ ጎጃም ደጀን አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። እኛ ጋ እናቶች ጡት ማጥባት አስተምሩን አይሉም፣ እነሱ ናቸው የሚያስተምሩኝ። ካንሰር ያልኳቸው ጊዜ ግን ፊታቸው ላይ ምንም የለም፣ ነቀርሳ ስል ነው ሁሉም በአንድ ላይ ያማተቡት። ስሙን መጥራት አይወዱም፣ "ያ ክፉው" ነው የሚሉት።

አንድ ቀን ቡና ላይ ማጥባት ከነቀርሳም ይጠብቃል ብዬ ስነግራቸው አንዷ ልጇን ታቅፋ "ለኔም አለው እንዴ?" አለችኝ። እንዲህ ብቻ ነው ያለችው። አራተኛ ልጇ ነው፣ እስከዛሬ ለሷ የሚተርፍ ነገር አለው ብሎ የነገራት የለም። ከዛ ቀን ወዲህ እኔ ስጀምር ከእናትየዋ ነው የምጀምረው። የብርቱዋን ነገር ግን አላሰብኩትም ነበር፣ ማጥባት ይጠብቃል ብዬ ብቻ ነበር የምመለሰው፣ እብጠት ስታዩ ወተት ነው ብላችሁ እንዳትቀመጡ የሚለውን አሁን እጨምራለሁ።

አዲስ_እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ትናንት ማታ ባሌ ለአማቴ በሙሉ አነበበላቸው። የተበላሸ ወተት የሚባል የለም የሚለውን ሲሰሙ "እነሱ ምን ያውቃሉ" ብለው ዘጉት። ሂሳቡ ጋ ሲደርስ ግን ብድግ አሉ፣ "5 ልጅ ሁለት ሁለት አመት፣ 10 አመት፣ ስንት ሆነልኝ?" ብለው አሰሩት ሃሃሃ። ለማጥባቱ ብቻ 35 ፐርሰንት ገደማ ቀንሶልዎታል ሲላቸው ትንሽ ዝም ብለው "የቀረው 65ስ?" አሉ። እድሜያቸው 61 ነው፣ ጡታቸውን አንድም ቀን ሀኪም አይቶላቸው አያውቅም። ቅዳሜ እናቴንም እሳቸውንም ይዤ ልሄድ ነው፣ የአክስቴንም ነገር እናገራለሁ።

እኔ ላስጥላት ያልኩትን ለጊዜው ትቼዋለሁ፣ ለካንሰሩ ብዬ አይደለም፣ ገና 8 ወሯ ስለሆነ ነው፣ ከአመት በኋላ ግን ቃል አልገባም። አሁን የቸገረኝ ቢሮ የማልብበት ነው፣ ፓምፑ ዋጋው አይቀመስም፣ ያለ ፓምፕ ይሆናል? ለስንት ሰአትስ ይቆያል ወተቱ?

አዋላጇ፦
እጅሽ ይበቃል። እጅሽን ታጠቢ፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣትሽን ከጥቁሩ ክብ ወደኋላ አድርጊና ወደ ደረትሽ ጫን ብለሽ ጭመቂ፣ ጫፉን አትጎትቺው ያቆስልሻል። መጀመሪያ ሁለት ሶስት ቀን ጠብታ ብቻ ቢወጣ አትደንግጪ፣ እጅ ይለምዳል። የፈላ ውሃ ውስጥ የቆየ ክዳን ያለው ብልቃጥ ይሁን። ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰአት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፣ ስታሞቂው ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው እንጂ ምድጃ ላይ አይጣድም። ቢሯችሁ ፍሪጅ ከሌለ በረዶ ያለው የምሳ ቦርሳ ይዘሽ ሂጂ። መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ከዋለ ግን ፍሪጅም ቁምሳጥን ነው፣ አትመኚው።